ዘጠና ሦስት ከመቶ

አዋላጇ የሞተችው በገዛ ካውያዋ ነው። ጨለማ ተገን ሆኖት የመጣ ሌባ የለም። ፀሐይ ወጥታ፣ ሰው ሥራ ገብቶ፣ መንገዱ ጭር ባለበት ረፋድ ነው የሞተችው። እህቷ በሩን ገፋ አድርጋ ስትገባ መጀመሪያ የሸተታት የተቃጠለ ጨርቅ ነበር። «ምነው እቴ፣ ካውያ ሰክተሽ ተኛሽ እንዴ?» ብላ ተጣራች። መልስ ስታጣ ወደ ውስጥ ዘለቀች። ከዚያ በኋላ የጮኸችውን ጩኸት ሰፈሩ ሁሉ ሰማው።

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ ካውያው ወለሉ ላይ ወድቆ ገና ለብ ይል ነበር። ሠላሳ ዓመት የሰው ልጅ ስትቀበል የኖረች ሴት፣ ጡረታ በወጣች በሁለት ዓመቷ፣ ከልብስ መተኮሻው ጠረጴዛ ሥር ተዘርራለች። ግማሹ የተተኮሰ ቀሚስ ከላይዋ ተንጠልጥሏል።

ቀለበቷ ጣቷ ላይ ነው። ሬዲዮው ቦታው ላይ ነው። ሳሎኑ ውስጥ ሁለት ብርጭቆ ውሃ አለ፤ አንዱ ተጠጥቷል፣ አንዱ እንደ ሞላ ነው።

«ውሃ ቀድታ የሰጠችው ሰው ነው የገደላት» አለች ኢንስፔክተሯ ለራሷ።

ከብርጭቆዎቹ አጠገብ የጡረታ መታወቂያ መጠየቂያ ቅጽ ነበር። ጥጉ ላይ አግራፍ ተሰክቷል፤ አግራፉ ግን የያዘው ነገር የለም። ባዶ ወረቀት ላይ አግራፍ የሚሰካ ሰው አይታ አታውቅም። ጻፈችው።

ኢንስፔክተሯ ሬሳ የምትፈራ ሴት አልነበረችም። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ሌላ ነገር ትፈራለች። የሰው ፊት የሚለየው የጣቢያው መሣሪያ «ይኼ ነው» ያለውን አንድ የጭነት መኪና ሾፌር በገዛ ፊርማዋ አሳስራ፣ ሰውየው ሰባት ወር ታስሮ ንጹሕ መሆኑ ታወቀ። አሁን ቤቱ ውስጥ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቀመጣል አሉ። ሚስቱ በመንገድ ስታገኛት አትሰድባትም፤ ዝም ብላ ታያታለች። ስድብ በስንት ጣዕሙ።

ከሟቿ ቤት ፊት ለፊት በሩ ላይ ካሜራ የተከለ ጎረቤት ነበር። የአንድ ደቂቃ ቅጂ በስልኩ ላከ። ከሰዓት በኋላ ጣቢያው ውስጥ፣ መሣሪያው ያለበት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ኢንስፔክተሯ፣ አዛዡና የመሣሪያው ባለሙያ ጎን ለጎን ቆመው አዩት። አንዲት ሴት ግራጫ ሻሿን እስከ አፍንጫዋ ጠቅልላ ትመጣለች፤ በሩን ታንኳኳለች፤ አንድ ጊዜ ዞር ብላ መንገዱን ታያለች። በሩ ይከፈትላታል። በቃ።

«ተሸፍናለች እኮ» አለች ኢንስፔክተሯ። «ምኗን አይቶ ነው የሚያውቃት?»

«ዓይኗን፣ ቅንድቧን፣ በመካከላቸው ያለውን ርቀት» አለ ባለሙያው። «እንደ እኛ አፍንጫ ካላየሁ አይልም።»

መሣሪያው የመታወቂያ ካርድ ፎቶዎችን ሁሉ በረበረ። ጥቂት ቆይቶ የአንዲት ሴት ፊት አወጣ፤ ከጎኑ ዘጠና ሦስት ከመቶ የሚል ቁጥር።

«የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ናት» አለ ባለሙያው። «ከሟቿ ቤት ሁለት መንገድ አልፎ ነው የምትኖረው።»

«ከሥሯስ ሌላ ስም የለም?»

«አለ እንጂ። ዘጠና ሁለት፣ ዘጠና ሁለት፣ ዘጠና አንድ…»

አዛዡ ሳቀ። «አንደኛዋ እያለች ሁለተኛዋን ምን ልታደርጊያት ነው? ሰርግ እየጠራን ነው እንዴ? ሂዱና አምጧት!»

አጣቢዋን ከእነሥራ ልብሷ አመጧት። አጭር፣ ከሲታ፣ ግራ ዓይኗ ከእንቅልፍ እንደ ነቃ ሰው ከደን ያለ ሴት ናት። ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ ጉልበቷን በሁለት እጇ ጫን አድርጋ ያዘችው። ሞታለች የተባለችውን አዋላጅ በስም እንኳ አታውቃትም።

«ዛሬ ረፋድ ላይ የት ነበርሽ?» አለቻት ኢንስፔክተሯ።

«ሥራ ላይ እመቤቴ።»

«ማሽኑ ጋ?»

«ማሽኑ ጋ።»

«አለቃሽን በስልክ ጠይቄዋለሁ። አንድ ሰዓት ሙሉ ማሽኑ ጋ አልነበረችም ነው ያለኝ።»

 ላብ ከአጣቢዋ ግንባር ወርዶ አገጯ ላይ ደረሰ።

አዛዡ ብድግ ብሎ ግራ እጅጌዋን ወደ ላይ ሰበሰበው። ክንዷ ከክርን እስከ አንጓ የተቃጠለ ነው። «ይኸውልሽ!» አለ ወደ ኢንስፔክተሯ ዞሮ። «ካውያ ነው ያልሽኝ አይደል?»

«የእንፋሎት ነው ጌታዬ» አለች አጣቢዋ።  «አሥራ አንድ ዓመት እንፋሎት ውስጥ የቆመ ሰው ምን ይመስላል ታዲያ?»

«የት ነበርሽ?» አለች ኢንስፔክተሯ ደግማ።

አጣቢዋ እጅጌዋን ወደ ታች መለሰች።

«ንገሪኝ አንቺ ሴት! ነገ ስድስት ሰዓት ላይ መኪና መጥቶ ወደ ትልቁ እስር ቤት ይወስድሻል። እዚያ የወረደ መዝገብ ቶሎ አይመለስም። እኔም ላወጣሽ አልችልም።»

አጣቢዋ ተቀምጣበት የነበረውን ወንበር ጥግ ጨብጣ አለቀሰች። አዛዡ የማስተላለፊያውን ወረቀት ኢንስፔክተሯ ፊት አኖረው። እስክሪብቶውን አነሳች፤ ሾፌሩ ከነግድግዳው ፊቷ ላይ ድቅን አለ። እስክሪብቶውን መልሳ አስቀመጠችው።

«እስከ ነገ ስድስት ሰዓት ጊዜ አለኝ» አለች።

«ከመሣሪያው ትበልጫለሽ ማለት ነው?»

«አልበልጥም ጌታዬ። መሣሪያው ግን እንቅልፍ አያጣም።»

በማግስቱ ማለዳ የጎረቤቱን በር አንኳኳች። ሰውየው ጡረታ የወጣ የሂሳብ መምህር ነው። ያንን ካሜራ በየቀኑ በጨርቅ የሚወለውል፣ «ከእኔ በር ፊት ዝንብ አታልፍም» እያለ ሰፈሩን ያሰለቸ ሰው። አዋላጇ «ምጥ የያዘው ይመስል ቤቴን አትጠብቅ!» ብላ በአደባባይ ልክ ልኩን የነገረችውም እሱን ነው። ኢንስፔክተሯ ይህን ከእህቲቱ ሰምታለች፤ ስለዚህ በሩን ሲከፍት ከእጁ ላይ ዓይኗን አልነቀለችም።

«አባባ፣ ለምን አንዲት ደቂቃ ብቻ ላኩልን?»

«ያለው እሱ ነው ልጄ።»

«ካሜራዬ ሌት ተቀን ይቀዳል ሲሉ አልነበረም?»

ሽማግሌው ወደ ኋላ ሸሸት አለ። ክፍሉ መጋረጃው ሁሉ ተዘግቶ ጨልሟል። በሩ ላይ ሦስት መቀርቀሪያ አለ፤ ሁለቱ አዲስ ናቸው። የኢንስፔክተሯ እጅ ሳታዝዘው ወደ ወገቧ ሄደ።

«ቅጂውን ቆርጠውታል» አለች። «ምን ለመደበቅ?»

ሰውየው ስልኩን ከኪሱ አወጣና ፊቱን አዙሮ ሰጣት። «እኔን» አለ። «እኔን ለመደበቅ ነው።»

ቅጂው ድምፅ ነበረው። ሴቲቱ ገብታ በሩ ከተዘጋ በኋላ የሁለት ሴቶች ጭቅጭቅ ከሩቅ ይሰማል። ከዚያ አንድ ጩኸት፤ አጭር፣ እንደ ተቆረጠ ክር። ከዚያ ዝምታ። ከዚያ ዝምታ ውስጥ፣ ለካሜራው ቅርብ የሆነ፣ ቁና ቁና የሚተነፍስ የወንድ ትንፋሽ።

«እርስዎ ነዎት?»

«ቁልፉን ይዤ ከበሩ ኋላ ቆሜ ነበር። እግሬ እምቢ አለኝ» አለ ሽማግሌው። «ጠላቴ አልነበረችም። ስትሰድበኝም ደስ ይለኝ ነበር፤ ሌላ የሚያናግረኝ ሰው የለማ።»

ኢንስፔክተሯ ቅጂውን ማየት ቀጠለች። ሻሽ የተከናነበችው ሴት ወጣች፤ ትንሽ ፖስታ ብብቷ ሥር አድርጋለች፤ ቀኝ አንጓዋን በግራ እጇ ይዛ እፍ እፍ ትላለች። ጥግ ላይ ስትደርስ ቀና አለችና ካሜራውን ትክ ብላ አየችው። 

ቀኝ አንጓ። አጣቢዋ የተቃጠለችው ግራ ክንዷን ነው፤ ጠባሳውም አሮጌ ነው።

ወደ ጣቢያው በሩጫ ተመለሰች። «ቀኝ እጅሽን አሳዪኝ!» አለቻት። አጣቢዋ ዘረጋች። በሳሙና የተላጠ እንጂ የተቃጠለ አይደለም።

አዛዡን ብትጠራው በሩ ላይ ቆሞ አየና ትከሻውን ሰበቀ። «መሣሪያው የሚያነበው ፊት ነው፣ እጅ አይደለም። መኪናው ስድስት ሰዓት ላይ ይመጣል» ብሎ ሄደ።

ኢንስፔክተሯ ወንበር ስባ ጉልበት ለጉልበት ተቀመጠች። «ስሚኝ የኔ እህት። አሁን እውነቱን ካልነገርሽኝ ሁለታችንም ጠፋን።»

አጣቢዋ መሬት መሬት እያየች፣ «አንሶላ መጋዘን ውስጥ ነበርኩ» አለች።

«ምን ስታደርጊ?»

«ተኝቼ ነበር። ንጹሑ አንሶላ ላይ። ወገቤ እምቢ አለኝ እመቤቴ፤ ትንሽ ጋደም ልበል ብዬ ድብን አድርጎ ወሰደኝ። የበሽተኛ አንሶላ ላይ መተኛት ከሥራ ያስባርራል።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ነፍስ ገደልሽ ነው እኮ የሚሉሽ!»

«ሥራዬን ካጣሁስ ምኔ ቀረ?»

«ያየሽ ሰው አለ?»

«ማንም እንዳያየኝ አይደል እንዴ እዚያ የተኛሁት!»

ኢንስፔክተሯ ልትስቅም ልታለቅስም ቃጣት። የአጣቢዋን መታወቂያ ካርድ ከመዝገቡ አውጥታ እያገላበጠች ሳለ እጇ ቀጥ አለ። ካርዱን አየች። ሴቲቱን አየች። ደግማ ካርዱን አየች። ካርዱ ላይ ያለችው ሴት ሁለት ዓይኖቿ ጎልተው፣ እኩል ተከፍተው፣ ሰው የሚውጡ ይመስላሉ። ፊቷ የተቀመጠችው ሴት ግራ ዓይኗ ከደን ያለ ነው።

«ዓይንሽ እንዲህ የሆነው መቼ ነው?»

«ከተወለድኩ ጀምሮ ነው።»

«ታዲያ ይኼ የማን ዓይን ነው?»

አጣቢዋ ካርዱን አየችና አፈረች። «ፎቶ ሲያነሱኝ ጨፍኜ ነበር አሉ። ድጋሚ ልነሳ ብላቸው አያስፈልግም፣ እኔ አስተካክለዋለሁ አለችኝ የፎቶ ቤቷ ሴትዮ። ስቀበለው ቆንጆ ሆኜ አገኘሁት፤ ማን ቆንጆ መሆን ይጠላል?»

ኢንስፔክተሯ ወደ መሣሪያው ክፍል ሄዳ ባለሙያውን ከወንበሩ አስነሳችው። «እነዚያን ከሥሯ ያሉትን ሴቶች አውጣልኝ። ሁሉንም፣ ጎን ለጎን።»

አወጣላት። አንዷ ጠይም፣ አንዷ ቀይ፤ አንዷ ወፍራም፣ አንዷ አጥንቷ የወጣ። የማይዛመዱ ስድስት ሴቶች ናቸው። ስድስቱም ግን በአንድ ዓይን ያይዋታል። ባለሙያው «እግዚኦ» ብሎ ከወንበሩ ራቅ አለ። መሣሪያው አልዋሸም ነበር፤ ያንን ዓይን እውነትም አግኝቶታል። የተለጠፈበትን ፊት ነው ያሰሩት።

ለአዋላጇ እህት ደወለች። «እህትሽ በቅርቡ ፎቶ ተነስታ ነበር?»

«ኧረ ጉዷን! ‹ይህቺ ማናት፣ የገዛ እናቴ ብትነሳ አታውቀኝም› እያለች ፎቶ ቤቱን ስትረግም ነበር። ‹ሄጄ ነግሬያቸዋለሁ፤ ለመታወቂያ ጽሕፈት ቤቱም እናገራለሁ› አለችኝ። ምነው?»

ባዶው አግራፍ ይዞት የነበረው ፎቶ ነው ማለት ነው። አምስት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነበር።

አጣቢዋም አዋላጇም የተነሱበት ፎቶ ቤት ከጫማ ጠጋኝና ከመድኃኒት ቤት መካከል የተሰነቀረ ጠባብ ክፍል ነው። ኢንስፔክተሯ አብሯት የመጣውን ፖሊስ ከማዶ አቆመችው፤ «ሩብ ሰዓት ካለፈኝ ግባ» አለችው። የራሷን ተራ ልብስ ለብሳ ገባች።

ፎቶ አንሺው ሽበት የወረሰው፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ጨዋ ሰው ነው። በጠረጴዛው ጠርዝ በኩል እጁን እያስኬደ መጣ። «ለመታወቂያ ነው? ይቀመጡ፣ እዚያ በርጩማው ላይ» አለና በርጩማው ወደሌለበት ጠቆመ።

ተቀመጠች። መብራቱ ፊቷን መታት። ሰውየው ከካሜራው ኋላ ጎንበስ ብሎ፣ «ዝግጁ ነዎት? ዓይንዎ ተከፍቷል?» አላት።

ኢንስፔክተሯ ሁለቱንም ዓይኗን ግጥም አድርጋ ጨፈነች። «ተከፍቷል» አለች።

ካሜራው ጠቅ አለ።

«በጣም ቆንጆ ነው» አለ ፎቶ አንሺው። «ድንቅ ወጥተዋል።»

ይኼኔ ነው የገባት። ሰውየው አያይም። ሰው ይጨፍን ይግለጥ የማያይ ፎቶ አንሺ ነው።

ዓይኗን ስትገልጥ ከመጋረጃው ጎን አንዲት ሴት ቆማለች። መቼ እንደገባች አልሰማችም። ቀኝ አንጓዋ በፋሻ ታስሯል። በግራ እጇ ፎቶ የሚከረከምበት ረጅም መቀስ ይዛለች።

«ጨፍነሽ ነበር» አለች ሴትዮዋ።

«ነው እንዴ? ድጋሚ ልነሳ?»

«አያስፈልግም። እኔ አስተካክለዋለሁ።»

ያ ዓይን ነው። ከካርዱ፣ ከስድስቱ ሴቶች ፊት፣ ከካሜራው ቅጂ ላይ ያየችው ዓይን፣ አሁን ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ያያታል። ከሴትዮዋ ጀርባ ግድግዳው ላይ ሙሽሪትም፣ ተመራቂዋም፣ አሮጊቷም ተሰቅለዋል፤ ሁሉም በዚያው ዓይን ነው የሚያዩዋት። ኢንስፔክተሯ ወደ በሩ አየች። 

«ቅድም ከመንገድ ማዶ ያቆምሽው ፖሊስ ነው» አለች ሴትዮዋ፤ ሄዳ በሩን ቆለፈች፤ መጋረጃውን ጣለች። መልሳ መጥታ በኢንስፔክተሯና በበሩ መካከል ቆመች። መቀሱ እጇ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። የሚፈራ ሰው የያዘው ስለት ከሚቆጣ ሰው ስለት ይብሳል፤ ኢንስፔክተሯ ይህን ታውቃለች።

«በሩን ምን አስቆለፈሽ?» አለ ባልየው።

«ምንም አይደል።»

«አንዲት አጣቢ አለች» አለች ኢንስፔክተሯ፤ ድምጿ የሌላ ሰው ድምፅ መሰላት። «ስድስት ሰዓት ላይ እስር ቤት ይወስዷታል። በአንቺ ዓይን።»

«የማንን ዓይን ላደርግ ኖሯል?» ብላ ጮኸች ሴትዮዋ። «ሁሉም ጨፍነው ይመጣሉ! ለእሱ ማን ይንገረው? ሦስት ዓመት ሆነው ካላየ። በየወሩ ትንሽ፣ በየወሩ ትንሽ እየጨለመበት። አይታየኝም ብሎ አያውቅም፤ እኔም አይተህ አታይም ብዬው አላውቅም። የእኔ አንድ ጥሩ ፎቶ ነበር፣ እሱ ዓይኑ ደህና ሳለ ያነሳኝ። የእኔ ካርድ የድሮው የወረቀት ነው፤ ማሽን ውስጥ አልገባም። ማንን ጎዳሁ?»

«አዋላጇን።»

«ልለምናት ነው የሄድኩት። ውሃ ቀዳችልኝ፤ እየተኮሰች ሰማችኝ። ‹ባልሽ ከታወረ ቤቱን ዝጉት፤ እኔ ለሰው ዓይን ፊቴን አላውስም› አለችኝ። ፎቶዎቹን ስጪኝ ብዬ ታገልኳት…» የታሰረ አንጓዋን አየች። «ካውያውን መቼ እንዳነሳሁት አላውቅም።»

ፎቶ አንሺው ቀጥ ብሎ ቆሟል። «ድስት አቃጠለኝ ነበር ያልሽኝ» አለ ቀስ ብሎ።

ሚስትየው አንድ እርምጃ ወደ ኢንስፔክተሯ ቀረበች። ኢንስፔክተሯ በርጩማው ላይ እንዳለች ጀርባዋ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ፤ ከዚያ በኋላ የሚሸሽበት የለም።

«መቀሱን ስጪኝ» አለ ባልየው፤ ስለቱ ሲፋጭ ሰምቷል። እጁን ዘረጋ። የዘረጋው ግን ወደ መብራቱ ነው፣ ማንም ወደሌለበት።

ሴትዮዋ ያንን ባዶ አየር ላይ የሚዳብስ እጅ አየችው። ሦስት ዓመት ሙሉ ብርጭቆውንም፣ ካሜራውንም፣ የሸሚዙን ቁልፍም እጁ ውስጥ ስታኖርለት ኖራለች። ዞር አለች፤ የእጁን መዳፍ ይዛ መቀሱን አስቀመጠችለት፤ እንዳይቆርጠው በእጀታው በኩል።

ከማዶ የነበረው ፖሊስ በሩን ሲደበድብ ሁለቱ እጅ ለእጅ እንደ ተያያዙ ነበሩ።

መኪናው ባዶውን ተመለሰ። አዛዡ የመፍቻውን ወረቀት ሲፈርም ቀና አላለም። ባለሙያው ያን ዓይን የተሸከሙ ካርዶችን ሲፈልግ አርባ ሰባት አገኘ። «ይታረማል» አለ አዛዡ። መቼ እንደሚታረም አልተናገረም፤ አርባ ሰባቱም አልተነገራቸውም።

«ካርዴስ?» አለች አጣቢዋ።

«ማስረጃ ሆኗል።»

«እመቤቴ፣ ያለ ካርድ ሥራ አያስገቡኝም። ዛሬ ካልገባሁ ደግሞ…»

ኢንስፔክተሯ ካፖርቷን አነሳች። «ነይ፣ ተከተዪኝ።»

እስከ ሆስፒታሉ በእግራቸው ሄዱ። አጣቢዋ ጥግ ጥጉን ነው የምትሄደው፤ የሰው በር ላይ የተተከለ ነገር ባየች ቁጥር መንገዱን ትሻገራለች። 

የሆስፒታሉ ዘበኛ ከሩቅ አይቷት፣ «አንቺ ሴትዮ! የት ጠፋሽ? ልብሱ ተራራ ሆኖ ይጠብቅሻል!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ኢንስፔክተሯን ከላይ እስከ ታች አያት። «እርስዎ ደግሞ ማን ነዎት? ካርድ!»

«የእሷንስ አትጠይቅም?»

«የእሷን? አሥራ አንድ ዓመት በዚህ በር የገባችን ሴት? አላበድኩም!»

አጣቢዋ ግን አልገባችም። ከበሩ አናት ላይ፣ ባለፈው ሳምንት የተሰቀለች ጥቁር ክብ ካሜራ ወደ ታች ታያለች። አጣቢዋ አንድ እግሯን አንስታ፣ መልሳ አስቀመጠችው። ከንፈሯ ነጥቷል።

ኢንስፔክተሯ ወፍራም ሴት ናት፤ ትከሻዋም ሰፊ ነው። የዘበኛውን ወንበር ስባ፣ ላዩ ላይ ወጥታ፣ ከካሜራውና ከአጣቢዋ መካከል ቆመች።

«ኧረ እመቤት፣ ከለሉት እኮ!» አለ ዘበኛው።

«ይከለል። ግቢ አንቺ!» አለች ኢንስፔክተሯ፤ አጣቢዋም አንገቷን ቀብራ ገባች።